«ትዕይንት» የተሸከመው፦ የ18ኛው መቶ ዓመት የሆላንድ የመድረክ ኅትመቶችና የቴአትር ቃሎቻችን

1. የችግሩ መነሻ

በአማርኛ የታተመ ተውኔት የሚያነብ ሰው ገቢር፣ ትዕይንትና መጋረጃ የሚሉትን ሦስት ቃላት በየቦታው ያገኛቸዋል። ገቢርና መጋረጃ ተርጓሚውን እምብዛም አያስቸግሩትም፤ እያንዳንዳቸው የታወቀ አንድ ነገር ያመለክታሉና። ትዕይንት ግን ሦስት ሸክም ተጭኖበታል። በመጀመሪያ የገቢርን ንዑስ ክፍል ያመለክታል። ሁለተኛም በመድረክ ላይ ተሥሎና ተገንብቶ ቦታን የሚያሳየው ነገር ሁሉ ይጠራበታል። በሦስተኛ ደረጃ፣ ከቴአትር ቤት ውስጥም ሆነ ውጭ ለዓይን የቀረበ አስደናቂ ነገር ሁሉ ትዕይንት ይባላል።

አንድ ቃል ብዙ ፍች ቢኖረው ነውር አይደለም። ነውሩ ፍችዎቹ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ተፎካክረው አንባቢውን ሲያሳስቱት ነው። በትርጉም ተውኔት ውስጥ «ትዕይንቱ ይለወጣል» የሚል ማስታወሻ ቢገኝ፣ ተዋናዩ የትዕይንት ቁጥር መቀየሩን ይረዳል፤ አናጺው ደግሞ የተሣሉት ሸራዎች እንዲነሡ መታዘዙን ይረዳል። ሁለቱም ቃሉን በትክክል አውቀውታል፤ ሆኖም የሚሠሩት ሥራ የተለያየ ነው። ስለዚህ ጉዳዩ የቃላት ማማረጥ ሳይሆን የሥራ መመሪያ ጉዳይ ነው።

ይህን ችግር ለመመርመር በ18ኛው መቶ ዓመት በሆላንድ የታተሙትን የመድረክ ሥዕሎች መርጠናል። ምርጫችን ሁለት ምክንያቶች አሉት። አንደኛው፣ እነዚህ ኅትመቶች መድረክን በየክፍሉ ለይተው ስለሚያሳዩ ስም የሚያስፈልገው ነገር ስንት እንደ ሆነ በዓይን ለመቍጠር ያስችላሉ። ሁለተኛው፣ የሆላንድ ቋንቋ ራሱ በዚሁ ጉዳይ ላይ እንደ አማርኛ የተቸገረ መሆኑ ነው።

2. ኅትመቶቹና ምስክርነታቸው

የአምስተርዳም ቴአትር ቤት ያኮብ ፋን ካምፐን በነደፈው ሕንጻ እ.ኤ.አ. በ1638 በፎንደል ተውኔት ተከፈተ። የመጀመሪያው መድረክ ፊቱ እንደ ሕንጻ የቆመ፣ ከቦታው የማይነቃነቅ ነበር፤ ሰሎሞን ሳፈሪ እ.ኤ.አ. በ1658 ያሳተማቸው የመዳብ ቅርጾች ይህን ያሳያሉ። እ.ኤ.አ. በ1665 ቤቱ ታድሶ ሲከፈት የኢጣልያ ሥርዓት ገባበት፤ ይኸውም በግራና በቀኝ ጥንድ ጥንድ ሆነው የሚቆሙ፣ የሚገፉና የሚሳቡ የተሣሉ ሸራዎች፣ ከላይ የሚንጠለጠሉ የሰማይና የጣሪያ ሸራዎች፣ ከኋላም መጨረሻውን የሚዘጋ ሰፊ ሸራ ማለት ነው። በ18ኛው መቶ ዓመት የታተሙት ሥዕሎች የሚያሳዩን ይህን ሁለተኛውን ሥርዓት ነው።

በዚያ ዘመን ለእያንዳንዱ ተውኔት አዲስ ሸራ አይሣልም ነበር። ቤተ መንግሥት፣ ወኅኒ፣ ደን፣ መንገድ፣ የተራ ሰው ክፍል እየተባሉ የተዘጋጁ ሸራዎች ነበሩ፤ እነርሱም ከአንዱ ተውኔት ወደ ሌላው ይዘዋወራሉ። ለቃላት ጥናት ይህ ትልቅ ቁም ነገር ነው። አንድ የደን ሸራ በአሥር ተውኔቶች ውስጥ ከታየ፣ ሸራው የማናቸውም ተውኔት «ትዕይንት» ሊሆን አይችልም፤ የቴአትር ቤቱ ንብረት ነው፤ ስለዚህ ከተውኔቱ ክፍል የተለየ የራሱ ስም ይገባዋል።

ከሠዓሊዎቹና ከቀራጮቹ መካከል ሦስቱን ለይተን እንመልከት። ኮርኔሊስ ትሮስት (1696–1750 እ.ኤ.አ.) በወጣትነቱ ተዋናይና የመድረክ ሸራ ሠዓሊ ነበር፤ በኋላም ከአስቂኝ ተውኔቶች የወሰዳቸውን ሁነቶች ሥሎ ታውቋል፤ ሥዕሎቹም በሌሎች ቀራጮች እጅ ወደ መዳብ ተላልፈው ታትመዋል። ነገር ግን መድረኩን በቅርብ የሚያውቀው ይህ ሰው ለመድረክ ሸራ ጥናት ደካማ ምስክር ነው። ወለሉ የመድረክ ወለል መሆኑን ይሠውራል፤ የጎን ሸራዎቹን ወደ እውነተኛ ቤትና ወደ እውነተኛ መንገድ ይለውጣል። ተመልካቹ በሐሳቡ ሊሞላው የሚገባውን ሠዓሊው ራሱ ሞልቶ ያቀርባል። ስለ ተዋናዮቹ አቋቋምና ስለ እጃቸው አነጋገር ብዙ እንማርበታለን፤ ስለ ሸራው ግን ጥቂት።

ያን ፑንት (1711–1779 እ.ኤ.አ.) የታወቀ ተዋናይና የመዳብ ቀራጭ ነበር። መድረኩን ከውስጥ የሚያውቅ እጅ ብረቱን ሲይዝ ማየት ያልተለመደ ነገር ነው። ሲሞን ፎከ (1712–1784 እ.ኤ.አ.) ደግሞ ብዙ የሠራ ቀራጭ ነበር፤ በተለይም እ.ኤ.አ. ግንቦት 11 ቀን 1772 ተውኔት በመታየት ላይ ሳለ ቴአትር ቤቱ የተቃጠለበትን ሁኔታ በኅትመት አስተላልፎልናል። በዚያ ቃጠሎ የሰው ሕይወት ጠፋ፤ በቤቱ ውስጥ ይኖር የነበረው ፑንትም ንብረቱን አጣ። አዲሱ ቴአትር ቤት በሌላ ቦታ ተሠርቶ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1774 ነው።

ከቃጠሎው በፊት የተሠሩት ኅትመቶች ውበት ቢኖራቸውም አንድ የጋራ ጉድለት አላቸው፤ ገመዱን፣ መዘውሩን፣ የመብራቱን ጢስ አያሳዩም። ብርሃኑ በሁሉም ላይ እኩል ያርፋል፤ የራቀው እያነሰ የሚሄድበት ሥርዓት አንዳች መዛነፍ የለበትም። ነገር ግን ይህ ሥርዓት በቴአትር ቤቱ ውስጥ ፍጹም ሆኖ የሚታየው በመካከሉ መሥመር ለተቀመጠ ሰው ብቻ ነው፤ በጎን ለተቀመጠው ሰው ዓምዶቹ ይሰበራሉ፤ በሸራና በሸራ መካከል ያለው ክፍተትም ይገለጣል። ስለዚህ ኅትመቱ የሚያቀርብልን የአንዱን የተመረጠ ወንበር እይታ ነው። የቃጠሎው ሥዕሎች ግን ቤተ መንግሥትና ደን መስሎ የኖረው ነገር ሸራ፣ እንጨትና ቀለም እንደ ነበር ያስታውሱናል። ለቃላት አውጪው ከሁሉ የሚጠቅመው ትምህርት ይህ ነው ብለን እናምናለን፤ ስም የምንሰጠው ለምትሐቱ ነው ወይስ ለዕቃው?

3. ድንኳኑና ዓይኑ

የሆላንዱ ቃል ቶኔል መድረክን፣ የተውኔትን ክፍልና በመድረክ ላይ የሚታየውን ቦታ በአንድነት ሲያመለክት ኖሯል። እንግዲህ የእነርሱ ቶኔልና የእኛ ትዕይንት በአንድ ዓይነት ሸክም ጎብጠዋል። ገቢርን የሚጠሩበት ቃላቸውም «ማድረግ» ከሚል ግሥ የወጣ ነው፤ ይህም ከግእዙ ገብረ ከወጣው ገቢር ጋር በሐሳብ አንድ ነው። ሁለቱም ቋንቋዎች የላቲኑን መንገድ ተከትለዋል፤ ላቲኑም «አድራጎት» ብሎ ነበርና።

የትዕይንት ታሪክ ከዚህም ይበልጥ ያስደንቃል። የዛሬ ተናጋሪ ቃሉን ሲሰማ ዓይንን ያስባል፤ «የሚታይ» ከሚለው ጋርም ያዛምደዋል። በግእዝ መጻሕፍት ግን ትዕይንት ማለት ሰፈር፣ የድንኳን ከተማ፣ በአንድነት የሰፈረ ጉባኤ ነው፤ የእስራኤል ልጆች በምድረ በዳ የሰፈሩበት ሰፈር ትዕይንት ተብሏል። በአውሮፓ ቋንቋዎች «ሲን» እየተባለ የሚነገረው ቃል አባት የሆነው የግሪኩ ስኬኔም መነሻው ድንኳን ወይም ዳስ ማለት ነው፤ ከዚያ ተዋንያን ልብስ የሚለውጡበት ቤት፣ ከዚያም የመድረኩ ጀርባ፣ በመጨረሻም የተውኔቱ ክፍል ሆነ። እንግዲህ ትዕይንትን ለዚህ ጉዳይ የመረጠው ሰው፣ የመረጠው በዓይን ምክንያት ቢሆን እንኳ፣ ያረፈው በድንኳኑ ላይ ነው። በብሉይ ኪዳን ለመገናኛው ድንኳን ግሪኩ ስኬኔ ሲል ግእዙ ደብተራ ብሏል፤ ይህም ቃል በአማርኛ ከድንኳኑ ወደ ባለሙያው ተሻግሮ የቤተ ክርስቲያን ሊቅ መጠሪያ ሆኗል። ከድንኳን ወደ ሰው፣ ከድንኳን ወደ እይታ መሻገር ለቃላት እንግዳ መንገድ አይደለም።

ከዚህ የምናገኘው ፍርድ ግልጽ ነው። ትዕይንት ለገቢር ንዑስ ክፍል ከበቂ በላይ የተመሰከረለት ቃል ስለ ሆነ በዚያው ይጽና። ለሸራውና ለግንባታው ግን ሌላ ቃል ይፈለግ። ይህን አለማድረግ በተለይ የአውሮፓን የቆዩ ተውኔቶች ለሚተረጉም ሰው ፈተና ነው። በፈረንሳይ ሥርዓት አንድ ተዋናይ በገባ ወይም በወጣ ቁጥር አዲስ ትዕይንት ይቈጠራል፤ ቦታው ግን አይለወጥም። የሆላንድ ጸሐፊዎችም ከ17ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ ብዙዎቹ ይህን ሥርዓት ተከትለዋል። በእንግሊዞች ልማድ ደግሞ ትዕይንት የሚለወጠው ብዙ ጊዜ ከቦታው ጋር ነው። ሁለቱን በአንድ ስም የጠራ ትርጉም፣ በአንድ አዳራሽ ውስጥ የሚፈጸመውን የፈረንሳይ ገቢር አናጺው ስምንት ጊዜ ሸራ እንዲለውጥበት ያደርጋል።

4. በእጃችን ያሉት ቃላት

እስካሁን ከቀረቡት አማራጮች የመጀመሪያው ዲኮር ነው። በቴአትር ባለሙያዎች አፍ የሚሰማ አጭር ቃል ነው፤ ይሁን እንጂ በአማርኛ ዘር የለውም፤ ግሥም ሆነ ቅጽል አያወጣም። ሁለተኛው መቼት ነው። ይህ ቃል ከመቼና ከየት ተጣምሮ የተፈጠረ ሲሆን ለልብ ወለድ ሂስ ጥሩ አገልግሎት ሰጥቷል፤ ነገር ግን መቼት ደራሲው በሐሳቡ የሚወስነው ጊዜና ቦታ እንጂ በምስማር የሚመታ ነገር አይደለም። ወኅኒ የተውኔቱ መቼት ሊሆን ይችላል፤ መቼት ግን አይቃጠልም። ሦስተኛው የመድረክ ዝግጅት ነው፤ አዘጋጅ የሚለው ቃል ተዋንያንን ለሚመራው ሰው ስለ ተሰጠ ዝግጅት ለሸራው ቢሰጥ አዲስ ግጭት ይፈጠራል። አራተኛው የመድረክ ግንባታ ነው፤ ይህ የአናጺውን ሥራ ቢገልጽም የሠዓሊውን ሥራ ይዘነጋል።

እኛ መልክዐ መድረክ የሚለውን እናቀርባለን። መልክዐ ምድር ተማሪ ሁሉ የሚያውቀው ቃል ነው፤ ተራራውን፣ ሸለቆውንና ወንዙን በአንድነት ያመለክታል። መልክዐ መድረክም እንዲሁ ሸራውን፣ ግንባታውንና ቁሳቁሱን በአንድነት ሊያመለክት ይችላል። ከዚህም በላይ መልክዕ በግእዝ ድርሰት የታወቀ ዘርፍ ነው፤ የቅዱሱን አካል ከራሱ እስከ እግሩ በየክፍሉ እየጠራ ያመሰግናል። የሆላንድ ኅትመቶች ያስተማሩንም መድረክ በየክፍሉ የሚጠራ አካል መሆኑን ነው።

ክፍሎቹንም እንዲህ እንለያለን። የፊተኛው መጋረጃ፣ መጋረጃ ይባል፤ ቃሉ ከጋረደ የወጣ ነውና የሚሸፍነውን ብቻ ያመልክት። በመጨረሻ የሚቆመውን የተሣለ ሸራ «የኋላ መጋረጃ» ማለት ግን ስሕተት ነው፤ ይህ ሸራ የሚያሳይ እንጂ የሚጋርድ አይደለም። ለዚህ ልዩነት ከአገራችን የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። በጎጃምና በጣና ደሴቶች ክብ አብያተ ክርስቲያናት የመቅደሱ ግድግዳ በሥዕል የተሸፈነ ነው፤ ብዙውም ሥዕል በጥጥ ጨርቅ ላይ ተሥሎ በግድግዳው ላይ የተለጠፈ ነው። ከሥዕሉ ፊት መጋረጃ ይሰቀላል። በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን የተሠራችው ናርጋ ሥላሴ ከትሮስትና ከፑንት ጋር የአንድ መቶ ዓመት ሥራ ናት። በዚያ የሚያገለግል ሰው መጋረጃውንና ሥዕሉን በአንድ ስም አይጠራም፤ አንዱ ይገለጣል፤ ሌላው ይታያል። ስለዚህ የኋላውን ሸራ የዳራ ሸራ እንበለው።

የጎኖቹን ሸራዎች ፈረንሳዮች ከመንሸራተታቸው የተነሣ ሰይመዋቸዋል፤ የሆላንድ ሰዎችም ቃሉን ተውሰዋል፤ እንግሊዞች ክንፍ ብለዋል። በአማርኛ ክንፍ ለወፍ ብቻ ሳይሆን ለጦር ሰልፍና ለሕንጻም ስለሚነገር፣ ክንፍ ቢባሉ ባዕድ አይሆንም። የእያንዳንዱ ሸራ ማዕቀፍ ከነሸራው ውጥር ይባል፤ ከበሮን የሚወጥርና አልጋን በጠፍር የሚወጥር ሕዝብ ቃሉን ሳይጠይቅ ይረዳዋል። ከላይ ለሚንጠለጠለው ድባብ የሚለው ቃል ውብ ነበር፤ ነገር ግን ድባብ ዛሬ በሂስ ጽሑፍ ስሜትንና ሁኔታን ስለሚያመለክት፣ ውበቱን ትተን የሰማይ ሸራ ማለትን እንመርጣለን። ተዋንያን ተራ የሚጠብቁበት ስፍራ ደግሞ የመድረክ ጓዳ ይባል። በፍኖተ ሰላምና በቡሬ አካባቢ ባለ የገበሬ ቤት ጓዳ ምግቡ የሚሰናዳበት፣ እንግዳ የማይዘልቅበት ክፍል ነው። ከዚያ ወጥቶ በእንግዶች ፊት የሚቀርበው ነገር ሁሉ በጓዳ ተሰናድቷል፤ ከዚህ የተሻለ ስም አላገኘንም።

5. ጢስ ዓባይ በመድረክ ላይ

ቃላት የሚፈተኑት በሥራ ነው። አንድ ተርጓሚ ወይም ደራሲ ጢስ ዓባይን በመድረክ ላይ ማቆም አለበት እንበል። ፏፏቴው ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል የራቀ፣ ቁመቱ 45 ሜትር የሚጠጋ፣ በክረምት ሙላት ስፋቱ እስከ 400 ሜትር የሚደርስ ነው። የአገሩ ሰው ስም ሲያወጣለት የሚወድቀውን ውሃ አልጠራም፤ ከሩቅ የሚታየውን ጢስ እንጂ። ስሙ ራሱ የሩቅ ተመልካች ስም ነው።

ስለዚህ ፏፏቴ በውጭ አገር መንገደኞች መካከል የተነሣው ክርክርም የተመልካች ስፍራ ክርክር ነበር። ፖርቱጋላዊው ኢየሱሳዊ ሎቦ ከሚወርደው ውሃ በስተ ኋላ፣ ከዓለቱ ሥር ተቀምጦ እንደ ነበር ጻፈ። እ.ኤ.አ. በ1770 በአካባቢው የነበረው ብሩስ ግን ሃያ ዓመት ቆይቶ ባሳተመው መጽሐፉ ይህን ሐሰት ነው ብሎ ነቀፈ። በእኛ ቃላት ብንናገር፣ ለሎቦ ውሃው መጋረጃ ነበር፤ ለብሩስ ግን ዳራ ነበር። አንዱ ከጓዳው በኩል አየሁ ይላል፤ ሌላው ከፊት ለፊት ሌላ እይታ የለም ይላል።

በተለመደው አጻጻፍ ደራሲው «ትዕይንት፦ ጢስ ዓባይ» ብሎ ያልፋል። ሠዓሊው ምን እንደሚሥል፣ አናጺው ምን እንደሚያቆም አያውቁም። በእኛ ሐሳብ ግን እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦ «መልክዐ መድረክ፦ ጢስ ዓባይ በክረምት። በዳራው ሸራ ላይ ፏፏቴው ከዳር እስከ ዳር ይታያል። በመጀመሪያዎቹ ክንፎች ላይ ዛፍ፣ በኋለኞቹ ላይ ገደል። ጢሱ እስከ ሰማይ ሸራው ይወጣል።» እያንዳንዱ ባለሙያ የራሱን ድርሻ በዚህ ውስጥ ያገኛል። «በክረምት» የሚለው ቃልም ትርፍ አይደለም፤ ውሃው ለኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ ከተጠለፈ ወዲህ የበጋው ፏፏቴ እጅግ ሊሳሳ ስለሚችል፣ ወቅቱን ያልጠቀሰ መመሪያ ሁለት የተለያዩ ሥዕሎችን ያሥላል።

6. ግራና ቀኝ

የቀረው የአቅጣጫ ጉዳይ ነው። ግራ ሲባል የተዋናዩ ግራ ነው ወይስ የተመልካቹ? ፈረንሳዮች ከዚህ ክርክር ለመውጣት አንዱን ጎን የአትክልት ስፍራ፣ ሌላውን የግቢ ብለውታል፤ እንግሊዞች በተዋናዩ አካል ይቈጥራሉ። የኅትመት ሥዕል በዚህ ነገር ላይ አታላይ ምስክር ነው። በመዳብ ላይ የተቀረጸ ሥዕል በወረቀት ላይ ሲያርፍ ግራው ቀኝ ይሆናል፤ ቀራጩ አስቀድሞ ካልገለበጠው በቀር። ኅትመት የሚለው ቃላችን ይህን ያስታውሰናል፤ ከማኅተም ጋር አንድ ዘር ነው፤ የማኅተም ቀራጭም ፊደሉን ገልብጦ ካልቀረጸ ማኅተሙ አይነበብም። ስለዚህ ከእነዚህ ሥዕሎች የመድረክን ግራና ቀኝ የሚማር ሰው አስቀድሞ መገልበጥ አለመገልበጡን ይመርምር።

ለአማርኛ የተዋናዩን አካል መከተል ይሻላል እንላለን። ቀኝ አዝማችና ግራ አዝማች የተባሉት በሰልፉ ውስጥ በያዙት ጎን ነው እንጂ ከፊት ለፊት በሚያያቸው ጠላት ዓይን አይደለም። መድረክም ሰልፍ ነው፤ ጎኑን የሚወስነው በላዩ የቆመው ነው። ስለዚህ «የመድረክ ቀኝ» ሲባል ፊቱን ወደ ተመልካች ያዞረው ተዋናይ ቀኝ ይሁን፤ ይህም በተውኔቱ መግቢያ አንድ ጊዜ ይነገር።

7. ማጠቃለያ

ትዕይንት የገቢር ክፍል መጠሪያ ሆኖ ይቆይ። መልክዐ መድረክ የሚታየውን ቦታ በጠቅላላው፣ የዳራ ሸራ፣ ክንፍ፣ ውጥርና የሰማይ ሸራ ክፍሎቹን ያመልክቱ። መጋረጃ የሚጋርደውን ብቻ ይጥራ። መቼት ለደራሲው ሐሳብ ይተው። በዚህ ላይ የሚነሣውን ተቃውሞ እንገምታለን፤ መልክዐ መድረክ ለተራው አናጺ ከበድ ያለ ነው የሚሉ ይኖራሉ። ይሁን እንጂ አናጺው የሚጨነቀው በጠቅላላው ስም ሳይሆን በክፍሎቹ ነው፤ ክፍሎቹ ደግሞ ክንፍ፣ ሸራ፣ ውጥር፣ ጓዳ ናቸው፤ እነዚህን ከእናቱ ቤት ይዟቸው መጥቷል።

ተውኔትን ከቅኔ ቤት ወደ መድረክ ካመጡት አንዱ የጎጃሙ ሰው ዮፍታሔ ንጉሤ ነበር። ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. ከተመሠረተና የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር በ1948 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ በመድረኮቻችን ላይ ብዙ ሸራ ተሥሎ ተቀድዷል፤ ሸራዎቹን የሠሩት እጆች ግን በጽሑፍ እምብዛም አልተወሱም። ስም የሌለው ዕቃ በመዝገብ አይገባም፤ በመዝገብ ያልገባም ሲጠፋ አይታወቅም። የአምስተርዳም ሸራዎች ቢቃጠሉም ቅርጻቸው በመዳብ ቀርቷል። መዳብ ለሌለን ለእኛ ቢያንስ ቃሉ ይቅረጽልን።